አንገት ላይ ያለ ሪያል

ሙሄዲንን ጎርፍ ወሰደው።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበር። መንገድ መሪው ሙሄዲን የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ገባ፤ ሳፊያ ከላይ ተቀምጣለች። መሃል ላይ በቅሎዋ ጆሮዋን ቀስራ ቆመች። ከወረባቦ ተራሮች በኩል የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ጉርምርምታ መጣ። እነሱ ያሉበት ሰማይ ጥርት ብሏል። ዝናቡ የወረደው ሌላ ቦታ ነው።

«ያዣት» አለና የበቅሎዋን ቂጥ በዱላ አቀመሰው።

በቅሎዋ ዘለለች። ሳፊያ ማዶ አሸዋው ላይ ተዘረገፈች። ቀና ስትል ወንዙ ግንድ፣ ድንጋይና የሞተ ፍየል ይዞ ይወርዳል። ሙሄዲን የለም።

አልጮኸችም። መጫኛውን ከኮርቻው ፈታች፣ በቅሎዋን እየጎተተች ዳር ዳሩን ወደ ታች ሮጠች። እሾሁ ቀሚሷን ተለተለው። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ አንድ የወደቀ ሾላ አለ። ሙሄዲን ባንድ እጁ ቅርንጫፉን አቅፎ ተንጠልጥሏል። ሌላው እጁ እንደ ባዶ እጅጌ ይወዛወዛል።

«አያ ሙሄዲን፣ አለህ?»

«ግማሼ አለ።»

መጫኛውን ሸምቀቆ አበጅታ ወረወረች። ሳተ። ጎትታ መልሳ ወረወረች። አንገቱንና ደህናውን ክንዱን አስገባ። ጫፉን ኮርቻው ላይ ቋጥራ በቅሎዋን ወደ ዳገቱ ነዳቻት። ሙሄዲን ጭቃውን እያረሰ ወጣ።

«ትከሻዬ ወልቋል» አለ። «እግርሽን ብብቴ ውስጥ ትከዪና እጄን ሳቢ። ምንም ብልሽ እንዳትለቂ።»

ሳበች። ብዙ ስድብ ሰደባት፤ አለቀቀችም። ቀጭ አለ። ሙሄዲን ፊቱ አመድ መስሎ ሰማዩን እያየ ተጋደመ።

«ሐጂ አባትሽ ይህን ቢሰሙ» አለ ቆይቶ።

«ምን ይላሉ?»

«ልጄ ለንግድ ወጥታ የሰው ባል ብብት ስትረግጥ ዋለች።»

«ተነስ።»

«እንዴ፣ ልሞት ነበር እኮ።»

«አልሞትክም። ደምመላሽ ትናንት ቢስቲማ አድሯል። ተነስ።»

ደምመላሽ የኮምቦልቻ ብር ገዢ ነው። በድርቁ ዓመት ሰው ከአንገቱ እየፈታ ሲሸጥ እሱ ገዝቶ ያቀልጣል። ጠገራ ይሁን፣ አምባር ይሁን፣ የእግር አልቦ ይሁን አይመርጥም። ወናፍ ፊት ሁሉም አንድ ነው።

ሳፊያ ደሴ አራዳ ጨርቅ ትሸጣለች። ከጨርቁ ጀርባ፣ በብስኩት ቆርቆሮ፣ ባለ መድፉን ሪያል ትሰበስባለች። የስፔን ንጉሥ ከባሕር ማዶ በቅኝ በያዘው አገር ያስመታው ብር ነው። ባንድ ፊቱ አፍንጫው የጎበጠ ንጉሥ አለ፣ በጀርባው ሁለት ምሰሶ። የየመን ነጋዴ ምሰሶውን መድፍ መሰለውና ስሙን አወጣለት። ብሩ ሞካ ድረስ ቡና ሊገዛ መጣ፣ ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በታጁራ በግመል ወጣ። የሳፊያ ቅድመ አያትም የመጡት በዚያው መንገድ ነው።

ወሎ ግን ገበያው አልተቀበለውም። የወሎ ሰው ጠገራ ሲይዝ መጀመሪያ ብሩ ላይ ያለችውን ንግሥት ያያል፣ የጌጧን ነጠብጣብ ይቆጥራል። ወንድ ያለበትን ብር ማን ይነካዋል። ስለዚህ ባለ መድፉ አንገት ላይ ቀረ። አሁን ደግሞ ከአንገት ወደ እሳት እየሄደ ነው። ባለፈው ወር አንድ አምባር ሙሉ ባለ መድፍ አለ ሲሏት ኮምቦልቻ ወረደች። የደምመላሽ ጓሮ ስትደርስ የጠበቃት ጡጫ የምታህል ጥቁር ድቡልቡል ነች።

«ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ብር ነበር» አላት። «አሁንም ብር ነው።»

አሁን ከቢስቲማ በታች፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚዘቀዝቅበት ሸለቆ፣ ኡሙሰልማ የሚባሉ ባልቴት ቤት አንድ ሙሉ ድሪ ባለ መድፍ አለ ተብሏል። ከዚህ በኋላ ሌላ ድሪ መኖሩን የሰማ ሰው የለም። ወሬው ለእሷ ሲደርስ ለደምመላሽም ደርሷል። እሱ ይለፍ አለው፣ በመኪና መጣ። እሷ ይለፍ የላትም፣ ኬላውን ሸሽታ በእግርና በበቅሎ መጣች። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቁልቁለቱን ያዙ። ከኋላቸው ደጋው ጉም ለብሷል፤ ከፊታቸው፣ በሩቁ፣ የአፋር ሜዳ እንደ ነሐስ ሰሃን ያብለጨልጫል። ሐምሌ ሰባ ሰባት ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ተመልሶ ግራሩ ለምልሟል፣ እሬቱ አብቧል፣ ቀዩ አፈር ሣር አውጥቷል። ሣሩን የሚበላ ከብት ግን የለም። ጎጆዎቹ በራቸው ክፍት ነው። ባንዱ ጣሪያ ላይ ጎመን ዘር በቅሏል።

«የነዚህ ቤቶች ሰዎች የት ሄዱ?» አለች።

«ግማሹ እዚያ» አለ ሙሄዲን፤ በአገጩ የድንጋይ ክምሮቹን አሳያት። «ግማሹ ሰፈራ። ወለጋ ይሁን ኢሉባቦር እንጃ።»

ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ሙሄዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከኋላችን አለ።»

«ማን?»

«ስሙን አልጠራም።»

ዞረች። ጅብ ነው። በብርሃን፣ በመንገዱ መሃል፣ ጌታውን እንደሚከተል ውሻ በእነሱ እርምጃ ይሄዳል። ከግራ ከቁልቋሉ ውስጥ ሌላ ወጣ። ከዚያ ሌላ። አምና ቀባሪው ጉልበት አልነበረውም፣ ጉድጓዱም ጥልቅ አልነበረም። ጅቡ ያኔ ነው ሰው የለመደው።

«አትሩጪ» አለ። «ከሮጥሽ በግ ነሽ።»

ፊታቸውን አዙረው ወደ ኋላ እየተራመዱ ወረዱ። ሙሄዲን በደህናው እጁ በቅሎዋን ይዟል፤ ቆዳዋ ይርገበገባል። ሳፊያ ድንጋይ አነሳች። ትልቁ ቀረበ። አፍንጫው ላይ አገኘችው። አነጠሰና ተቀመጠ። ተቀምጦ ያያታል።

«ምን እየጠበቀ ነው?»

«እንዲመሽ።»

ሌላው በጎን ሾልኮ የበቅሎዋን ቋንጃ ሊይዝ ገባ። ሳፊያ ከኮርቻው ስር ትርፍ ዱላ መዝዛ ወገቡ ላይ አሳረፈችበት። ዱላው ተሰበረ። ጅቡ ሁለት እርምጃ ሸሸና ተመለሰ። በእጇ የቀረው ስንዝር እንጨት ነው። እሱን ይዛ ወደ ጅቡ ሄደች፤ ወደ ኋላ አይደለም፣ ወደ እሱ። ሙሄዲን «ያ ረቢ፣ ይህች ልጅ አብዳለች» ሲል ሰማችው።

ከታች እሳት መጣ። አንድ ሰው ችቦ እያወዛወዘ ዳገቱን ይሮጣል። ጅቦቹ ተነሱ፣ እንደ ተከፋ እንግዳ ቀስ ብለው ወደ ቁልቋሉ ገቡ።

ሰውዬው ቀጭን ነው፣ ወጣት፣ ላብ አጥምቆታል። ሰላም አላለም።

«ወንዶች ናችሁ?»

«አንድ ግማሽ» አለ ሙሄዲን ትከሻውን ይዞ። «አንዲት ሴትም አለች።»

«ሚስቴን ምጥ ይዟታል። ከትናንት ጀምሮ። ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ፍለጋ ነው የወጣሁት።»

ስሙ በሺር ነው። የኡሙሰልማ ልጅ።

ቤቱ ሲደርሱ ደምመላሽ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሻል።

«ቀደምኩሽ፣ የሐጂ ልጅ።»

«አቀለጥከው?»

«አንገት ላይ ነው» አለ። እንደ መሳቅ አደረገው። «ይኸው ቁጭ ብዬ ሴት እስክትወልድ እጠብቃለሁ። እናቴም እንዲህ አላስጠበቀችኝ።»

ሳፊያ ገባች። የበሺር ሚስት መዲና ጎኗ ላይ ተጋድማለች። ፊቷ ግርጥት ብሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። አንገቷ ላይ ድሪው። ሳፊያ ከሴትዮዋ በፊት ድሪውን አየች። ከዚያ ነው ያፈረችው። ምሰሶው፣ ዘውዱ፣ ያ ጎባጣ አፍንጫ። ማንም አልሞረደውም፣ በጠርዙ በኩል ተበስቶ በክር ተሰክቷል።

ኡሙሰልማ የምራታቸውን ራስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አንቺም ለሪያሉ ነው የመጣሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አንገት ላይ ያለ ሪያል አይሸጥም። ያረገዘች ታስረዋለች፣ ስትወልድ ለሚቀጥለው አንገት ይሄዳል። እናቴ አስራዋለች፣ እኔ በልጆቼ ሁሉ አስሬዋለሁ። መሬት ነክቶ አያውቅም።»

«ከመዲና በኋላስ ማን ነች?»

አሮጊቷ የመዲናን ግንባር ጠረጉ።

«የለችም» አሉ። «ከድርቁ ወዲህ በዚህ ሸለቆ ያረገዘች እሷ ብቻ ነች። የሌላው ሆድ ባዶውን ነው የከረመ፣ በምን ይፀንሳል? ልጄም ይህን አይቶ ነው ለዚያ ሰውዬ ቃል የሰጠው። አንገቷ ሲለቀቅ ውሰድ ብሎታል። በሬ ሊገዛበት።»

መዲና ዓይኗን ገለጠች። የምጡ ማዕበል መጣ። ድሪውን ወደ አፏ ሳበችና ነከሰችው። ጥርሷ ብሩ ላይ ሲንቀጫቀጭ ሳፊያ ሰማችው።

«ሕፃኑ በጎኑ ነው» አሉ ኡሙሰልማ። «በዱዓም፣ በእጅም አልዞረም። ቢስቲማ ካልደረሰች ሁለቱም የሉም።»

ጅቡና ወንዙ በጨለማ አያሳልፉምና ሲነጋ ቃሬዛውን አነሱ። በሺር ፊት በቀኝ፣ ሙሄዲን በደህናው ትከሻው ፊት በግራ። ደምመላሽ ከኋላ። አራተኛው ጫፍ መሬት ላይ ቀረ። ሳፊያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጥፋ ገባችበት።

«ሴት ቃሬዛ አትሸከምም» አለ ደምመላሽ።

«ታዲያ ወንድ አምጣ።»

ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። አነሳ።

«እኔ እንግዲህ የምሸከመው ብሬን ነው» አለ።

ኡሙሰልማ በበቅሎዋ ከኋላ ተከተሉ። ዳገቱ ጭቃ ነው። አንዱ ሲንሸራተት አራቱም ይንሸራተታሉ። ዝናብ ጀመረ። አጣናው የሳፊያን ትከሻ ቆዳ ገፈፈው፤ ነጠላው ደም ነካ። መዲና መጀመሪያ ትቃትት ነበር፣ ከዚያ ዝም አለች። በየጊዜው ጥርሷ ብሩ ላይ ሲፋጭ ይሰማል። ሳፊያ ያን ድምፅ መጠበቅ ጀመረች። ሲዘገይ ትፈራለች፣ ሲሰማ እግሯ ይበረታል። የንጉሡን አፍንጫ በላችው አልበላችው ትዝም አላላት።

«አለች?» ይላል በሺር ወደ ፊት እንዳየ።

«አለች፤ እየነከሰች ነው።»

ወንዙ ጋ ደረሱ። ከትናንቱ ቀንሷል፣ ግን ወገብ ድረስ ነው፣ ቡናማ፣ ፈጣን። ደምመላሽ ጫፉን መሬት አስነካ። ሌሎቹም ማውረድ ግድ ሆነባቸው።

«ድሪውን አውልቁልኝ» አለ።

በሺር የቃሬዛውን ማሰሪያ ማጥበቅ ያዘ፤ ደምመላሽ ቀጠለ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። እሸከማለሁ። ግን ወንዙ ቢወስዳት ብሩም አብሮ ይሄዳል። አውልቁልኝ፣ ኪሴ ይግባ፣ ከዚያ እንሻገር። በሺር፣ ቃል ሰጥተኸኛል።»

በሺር ሚስቱን አየ፣ ወንዙን አየ። እጁ ወደ ክሩ መሄድ ጀመረ። ሳፊያ እጁን ያዘችው።

«ሳትወልድ አይወልቅም ተብሏል።»

«አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለ ደምመላሽ። «አንቺም ለብሩ ነው የመጣሽው። እኔ ላቀልጠው፣ አንቺ ቆርቆሮ ውስጥ ልትቀብሪው። ምን ለየን?»

የበሺርን እጅ አለቀቀችም። ዝናቡ ወረደ።

ኡሙሰልማ ከበቅሎዋ ሳይወርዱ ተናገሩ። «አንገቷ ላይ እያለ ከሞተች ድሪው ወንዝ ይወርዳል። አይሸጥም፣ አይወረስም። ደንቡ እንዲህ ነው። አንተም እዚህ በቆምክ ቁጥር እሷ እየሞተች ነው።»

ደምመላሽ ወደ በሺር ዞረ። «እውነት ነው?»

በሺር እናቱን አየ። «እናቴ ካለች ነው» አለ።

ሳፊያም አሮጊቷን አየች። ኡሙሰልማ ውሃውን እያዩ ነበር። ከፊታቸው ምንም አይነበብም።

ደምመላሽ ምራቁን ተፋና ጫፉን አነሳ።

ገቡ። ቃሬዛውን ከትከሻ በላይ፣ በእጅ ወደ ላይ። ውሃው ጭን ላይ፣ ወገብ ላይ፣ ደረት ላይ። ሙሄዲን ባንድ እጁ ነው፤ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ይላል ያለማቋረጥ። ድንጋዩ ከእግራቸው ስር ይንከባለላል። መሃል ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ግንድ መጥቶ ደምመላሽን ጎኑ ላይ መታው። ጠለቀ። ቃሬዛው ወደ እሱ ጎን ዘመመ፣ መዲና ተንሸራተተች። ሳፊያ ራሷን በመዲና እግር ስር ወሽቃ ክብደቱን በአንገቷ ያዘች። ውሃ አፏ ገባ። ዓይኗ የሚያየው የደምመላሽን ሁለት እጆች ብቻ ነው፤ ራሱ ውሃ ውስጥ ነው፣ እጆቹ ግን አጣናውን አልለቀቁም።

ብቅ አለ። አሳለው። ግንባሩ ተፈንክቷል።

«ሂዱ» አለ። «ምን ትጠብቃላችሁ።»

በቅሎዋ አሮጊቷን ይዛ ከኋላ ዋኘች። ማዶ ሲወጡ ማንም አልተቀመጠም። ደምመላሽ ስለ ብር ዳግመኛ አላነሳም፣ ቢስቲማ ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ ድረስ።

ነርሷ አትጠገብ ትባላለች፤ ወፍራም፣ እጅጌዋን የሰበሰበች። መዲናን አንዴ ዳሰሰቻትና ሁሉንም አስወጣቻቸው። ኡሙሰልማ ብቻ ቀሩ።

ደጁ ላይ አግዳሚ አለ። ከአምባሰል በኩል የመጣች አንዲት ሴት ተቀምጣበታለች፤ እግሯ አብጧል፣ ሆዷ ጉልበቷ ላይ ደርሷል። ጠጋ አለችላቸው። በሺር አልተቀመጠም። ግድግዳውን በግንባሩ ገፍቶ ቆመ። ሙሄዲን ትከሻውን አቅፎ ዓይኑን ጨፈነ። ደምመላሽ የፈሰሰ ደሙን በእጅጌው ይጠርጋል። ሳፊያ የሚፋጨውን ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን ወደ በሩ አድርጋለች። አይሰማም።

ረጅም ጊዜ አይሰማም።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማች። ቀጭን፣ የተናደደ።

በሺር ግድግዳው ስር ቁጭ አለ።

አትጠገብ ወጣች። «ሴት ነች። እናትየውም አለች፤ ደም ፈሷታል፣ ግን አለች። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ የሚሆነውን አልነግራችሁም።» ከኪሷ ድሪውን አውጥታ ዘረጋች። «ይህን ከአፏ ያወጣሁት በግድ ነው። የማን ነው?»

ኡሙሰልማ ከኋላዋ መጥተው ተቀበሏት። ደምመላሽ ተነሳ።

«አንገቷ ተለቋል» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «በሺር፣ ቃል።»

በሺር ቀና አላለም። «እናቴ፣ ስጪው። በሬ የለኝም። ዝናቡ መጥቷል፣ መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነው። አሁን ደግሞ ልጅ አለችኝ።»

አሮጊቷ ድሪውን ለልጃቸው አልሰጡም፣ ለደምመላሽም። ወደ ሳፊያ መጡና እጇ ላይ ጣሉት።

«አንቺ አታቀልጪውም» አሉ። «ዋጋውን ከልጄ ጋር ተነጋገሪ። ካንቺ ጋ ቢያንስ እንዳለ ይኖራል።»

ከብዷል። ሞቅ ይላል። ሳፊያ አንድ በአንድ ገለባበጠችው። ንጉሡ፣ ምሰሶው፣ ዘውዱ። ከዚህ በፊት በስም ብቻ የምታውቀው ዓመተ ምሕረት አንዱ ላይ አለ። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። አዲሱ ያብረቀርቃል። ከስሩ የቆየ አለ፣ ከዚያ ስር ደግሞ የቆየ፣ በቆዳ ተፈትጎ የለሰለሰ።

«አንቺ የምትሰጪውን እኔ እጥፉን እሰጣለሁ» አለ ደምመላሽ።

«በሺር» አለች ሳፊያ።

«አቤት።»

«በቅሎዋ የራሴ ነች፣ የማንም ዕዳ የለባትም። ውሰዳት።»

በሺር አፉን ከፈተ። «በቅሎ ያርሳል እንዴ?»

«ዘንድሮ ሁሉም ያርሳል» አለ ሙሄዲን ዓይኑን ሳይገልጥ። «እኔንም ብታጠምደኝ አርሳለሁ፤ አንድ ጎን ብቻ።»

«ድሪውን ለራስሽ ገዛሽው ማለት ነዋ» አለ ደምመላሽ። «በይ፣ መልካም። ቆርቆሮሽ ይመርቅሽ።»

ሳፊያ የበቅሎዋን ልጓም በሺር እጅ ላይ አድርጋ ወደ አግዳሚው ሄደች።

«ስምሽ ማነው?» አለች ሴትዮዋን።

«ዐሊማ።»

«ወርሽ ገብቷል?»

«ገብቷል። ዛሬ ነገ እያልኩ ነው።»

ሳፊያ ከኋላዋ ዞረች፣ ፀጉሯን ወደ ጎን አደረገችላትና ድሪውን አንገቷ ላይ አሰረችው።